12ቱን ቃላት ሌላ ሰው አይጻፍላችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ክሪፕቶ በጋዜጣም በሬዲዮም ሲነሳ የምንሰማው ስለ ዋጋው ነው፤ ቢትኮይን ወጣ፣ ቢትኮይን ወረደ። በደሴና በኮምቦልቻ ጥገና ቤቶች ስልኩን ይዞ ተጨንቆ የሚመጣው ሰው ችግር ግን ዋጋ አይደለም። ዋሌት (ክሪፕቶ የሚያዝበት አፕ) ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የሚወጡት 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ምን እንደሆኑ ማንም ሳይነግረው አልፏቸዋል። በየአፑ «ሲድ ፍሬዝ»፣ «ሪከቨሪ ፍሬዝ» ወይም «ሲክሬት ፍሬዝ» ይባላሉ። ስለነዚህ ቃላት የምናውቀውን በዝርዝር ጽፈን ልከናል፤ ቦታ ሰጥታችሁ እንድታወጡልን እንጠይቃለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን አሳውቋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ማንንም ወደ ክሪፕቶ ለመጋበዝ አይደለም። ዋሌት ቀድሞ በስልኩ ላይ ያለው ሰው ግን በከተሞቻችን ጥቂት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በቴሌግራም ኖትኮይንና ሀምስተር የሚባሉ ጨዋታዎችን ሲነካኩ ከርመው ዋሌት የከፈቱ ተማሪዎች አሉ። ከአረብ አገር ከእህት ከወንድም ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) የሚላክላቸውም አሉ። ደብዳቤው ለእነሱ ነው።

ስልኩ ውስጥ ገንዘብ የለም። ማን ስንት እንዳለው የሚመዘገበው በክሪፕቶው ኔትወርክ መዝገብ ላይ ነው፤ ስልኩ የያዘው ያን ገንዘብ ለማንቀሳቀስ የሚያስችለውን ቁልፍ ብቻ ነው። 12ቱ ቃላት ደግሞ ቁልፉ እንደ አዲስ የሚወጣባቸው ምንጭ ናቸው። የባንክ ደብተር ቢጠፋባችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ቅርንጫፍ ትሄዳላችሁ፣ ሌላ ይሰጣችኋል። የቴሌብር ፒን ብትረሱ የሚያስተካክልላችሁ ሰው አለ። ዋሌት ቅርንጫፍ የለውም። ኔትወርኩ መታወቂያ አይጠይቅም፣ ስም አያውቅም፤ ቃላቱን በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው ያስገባ ሰው ለኔትወርኩ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ቃላቱ ሲጠፉ ገንዘቡ ይጠፋል፣ ቃላቱ ሲታዩም ገንዘቡ ይወሰዳል። ሁለቱን አደጋ በአንድ ጊዜ መከላከል ነው ከባዱ ሥራ።

ብዙ ሰው ፒኑን ከቃላቱ ጋር ያምታታል። ትረስት ዋሌት ሲከፈት የምታስገቡት 6 አኃዝ ወይም የጣት አሻራ ያን ስልክ ላይ ያለውን አፕ ብቻ ይቆልፋል። አፑ ከጠፋ ፒኑ ከንቱ ነው። ባይናንስ በሚባለው የክሪፕቶ መገበያያ ላይ በኢሜይልና በፓስወርድ የሚከፈተው አካውንት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ቁልፉን የያዘው ኩባንያው ስለሆነ 12 ቃል አይሰጣችሁም። ቴሌግራም ውስጥ ያለው የተለመደው ዋሌትም እንዲሁ ነው። ትረስት ዋሌት፣ ሜታማስክ፣ ቶንኪፐር እና እንደ ሌጀርና ትሬዘር ያሉ የእጅ መሣሪያዎች (ቁልፉን ከስልኩ ውጭ የሚይዙ ትንንሽ ዕቃዎች) ግን ቃላቱን ለእናንተ ይሰጣሉ፣ ኃላፊነቱንም ጨምረው። ስልካችሁ ላይ ያለው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ቀጥሎ የምንለው ሁሉ አይጠቅማችሁም፤ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቃላቱን የሚያሳይ ቦታ መኖሩን ተመልከቱ።

ቃላቱ ከየት ይመጣሉ? አሠራሩ «ቢፕ 39» ይባላል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ስምምነት ነው። 2048 ቃላት ያሉት አንድ የታወቀ ዝርዝር አለ። አንድ ሳንቲም 11 ጊዜ ብትወረውሩና ዘውድ ጎፈሩን ብትመዘግቡ ሊወጣ የሚችለው ውጤት 2048 ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ውጤት ከዝርዝሩ አንድ ቃል ይደርሰዋል። አፑ በውስጡ 128 ጊዜ እንደ መወርወር ያለ ሥራ ይሠራል፤ ከዚያ ከውጤቱ ላይ አስልቶ 4 የመቆጣጠሪያ አኃዝ ይጨምራል። 132 ይሆናል፣ ለ11 ሲካፈል 12 ቃል። የ24ቱም እንዲሁ ነው፤ 256 እና 8 ተደምሮ 264።

ይህን የምንነግራችሁ ለሒሳቡ ብለን አይደለም። በተግባር ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ቃላቱን ራሳችሁ መምረጥ አትችሉም፤ ደግሞም አትሞክሩት። ከመዝሙር፣ ከተረትና ምሳሌ ወይም ከልጆች ስም የተሠራ ቁልፍ ሰው የሚገምተው ነው፤ ይህንኑ እየገመቱ ሌት ተቀን የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ የቁልፉ አካል ነው፤ ቁጥር ሳትጽፉ ቃላቱን ብቻ ብትጽፉ ግማሽ ሥራ ነው የሠራችሁት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ቃል ተሳስታችሁ በሌላ የዝርዝሩ ቃል ብትተኩት አፑ አብዛኛውን ጊዜ «ኢንቫሊድ» ብሎ ይመልሳችኋል። መቆጣጠሪያው 4 አኃዝ ብቻ ስለሆነ ግን ከ16 ስህተት አንዱ ገደማ ሾልኮ ያልፋል። ያኔ አፑ ምንም ሳይል ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፍትላችኋል። ሰው «ገንዘቤን ወሰዱብኝ» ብሎ የሚጮኸው እዚህ ላይም ነው፤ ገንዘቡ ግን ቦታው ላይ ነው፣ የተሳሳተ በር ነው የተከፈተው።

አሁን ወደ አጻጻፉ። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ፣ በስፓኒሽና በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፤ የአማርኛ ግን የለም። የምታገኙት የእንግሊዝኛውን ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ግድ ነው። በአማርኛ ፊደል ድምፁን ብቻ መጻፍ ለእናት ለአባት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «ራይት» ብሎ የተጻፈ ቃል «ትክክል» የሚለው ይሁን «ጻፍ» የሚለው በምን ይታወቃል? ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። «ፒስ»ም እንዲሁ፤ «ሰላም» ማለቱም «ቁራጭ» ማለቱም በየራሱ አጻጻፍ ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጧል። ትርጉሙን በአማርኛ መጻፍ ደግሞ የባሰ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራቸው አባት ወይም እናት ካሉ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያዩ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ይገልብጧቸው፤ ትርጉሙን ማወቅ አያስፈልግም። ሲያስገቡት በትንሹ ፊደል ይጻፍ እንጂ ወረቀቱ ላይ ትልቁ ፊደል ይነበባል፤ በእጅ ጽሑፍ ከሚምታቱት ትንንሾቹ «ኤን»ና «ዩ» ይሻላል።

የዝርዝሩ አንድ ጥሩ ጠባይ፣ የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ 4 ፊደላት ከሌላው ይለዩታል። ቃሉ 3 ፊደል ብቻ ከሆነ ሦስቱም ይጻፉ። ነገር ግን አንዷን ፊደል መዝለል ቃሉን ወደ ሌላ ሊለውጠው ይችላል። «ክንድ» የሚለው ቃልና «ጦር ሠራዊት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ፊደል ነው። «ካርድ»ና «ካርት»ም እንደዚያው። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ቢመጣ አትደንግጡ፣ ይከሰታል።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በከተሞቻችን የተለመደ አንድ አሠራር አለ፤ ዋሌት መክፈት የፈለገ ሰው ስልኩን ለሞባይል ቤት ሠራተኛ ወይም «ለሚያውቅ ልጅ» ይሰጥና «ክፈትልኝ» ይላል። ልጁ ይከፍታል፣ ቃላቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል ወይም በራሱ ስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ባለቤቱ ጥቂት ብር ከፍሎ ይሄዳል። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስልኩ ነገ ሊሰረቅ፣ ጋለሪው ሊታይ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሊረሳ ይችላል። ቃላቱን ያየ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላም፣ እናንተ ስልክም ፒንም ቀይራችሁ እንኳ፣ ገንዘቡ ላይ እጁ አለ። የዋሌቱን ቃላት መቀየር የሚባል ነገር የለምና። ሙያውን የምናውቅ ሰዎች ልናግዛችሁ የሚገባን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው፤ አፑን እናወርዳለን፣ የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫኑ እንነግራችኋለን። ቃላቱ ስክሪኑ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ግን ስልኩን ተቀብላችሁ ዞር በሉ፣ ወይም እኛን አዙሩን። አልዞርም የሚል ባለሙያ ካለ ሌላ ቤት ሂዱ።

አፑ ራሱ ከየት እንደመጣ ተጠንቀቁ። በዜንደር ከስልክ ስልክ የተሻገረ ወይም ቴሌግራም ቻናል ላይ ፋይል ሆኖ የተለጠፈ ዋሌት መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ቃላቱን ለሌላ ሰው የሚልክ ሊሆን ይችላል። ከፕሌይ ስቶር አውርዱ፤ የሠሪውን ስም ከኩባንያው ድረ ገጽ ጋር አመሳክሩ። ቃላቱን ስታስገቡ ከስልኩ ጋር በመጣው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ተጠቀሙ፤ ምንጩ ያልታወቀ የአማርኛ ኪቦርድ የምትጽፉትን ሁሉ ማየት ይችላል።

ከፍታችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ፈተናው ይቀራል። አፑ ራሱ ጥቂት ቃላት መርጦ ይጠይቃችኋል፤ ያ አይበቃም። ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት «ሪሲቭ» የሚለውን ተጫኑና የአድሬሱን (ገንዘብ የሚላክበት ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር) የመጀመሪያ 6 እና የመጨረሻ 6 ፊደላት ሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። ትሮን የሚባለው ኔትወርክ አድሬስ በ«ቲ» ፊደል ይጀምራል፣ ኢትሪየም የሚባለው በ«ዜሮ ኤክስ»። ከዚያ አፑን አጥፉት፤ ከስልኩ ላይ ሙሉ በሙሉ። እንደገና አውርዱትና «ዋሌት አለኝ» የሚለውን መርጣችሁ ቃላቱን ከወረቀቱ ላይ አስገቡ። አድሬሱ ያው ከሆነ ወረቀታችሁ ትክክል ነው። ካልሆነ የተሳሳተው ወረቀት ነው፤ ገንዘብ ስላልገባበት ምንም አልጠፋም፣ አዲስ ከፍታችሁ በጥንቃቄ ድገሙት። ይህ ሁሉ 15 ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን ፈተና እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

ወረቀቱ የት ይቀመጥ? የደሴ ክረምት ጭጋግና እርጥበት ወረቀት ያሻግታል፤ ኮምቦልቻ ምስጥና አይጥ አለ። ውሃ የሚያፈርሰው ቀለም ያለው እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ የተለመደው ቢክ ይሻላል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አድርጉት። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አታባዙ፣ ላሚኔት አታስደርጉ፤ የማባዣ ማሽን የሠራውን ይዞ የሚያስቀር ማኅደር ሊኖረው ይችላል፣ ሠራተኛውም ዓይን አለው። ሁለተኛውን ቅጂ በእጃችሁ ገልብጡ።

ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ብረት ላይ መጻፍ አለ። የማይዝግ ብረት ቁራጭና በመዶሻ እየመቱ ፊደል የሚያትሙበት ፓንች ይበቃል። የየቃሉ 4 ፊደል ብቻ ስለሚያስፈልግ ለ12 ቃል ቢበዛ 48 ፊደል ነው፣ ቁጥሩን ሳይጨምር። አሉሚኒየም አትጠቀሙ፤ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የቤት ቃጠሎ ሊያቀልጠው ይችላል፣ የማይዝግ ብረት ግን ከ1400 ዲግሪ አካባቢ በፊት አይቀልጥም። ብረቱን ከብረታ ብረት ቤት ግዙ፣ ፓንቹን ተዋሱ፤ የምትመቱት ግን እናንተ ቤት፣ በእናንተ እጅ ይሁን።

ስለ ሁለተኛው ቅጂ ቦታ ደግሞ የዚህ አገር ሰው የራሱ ምክንያት አለው። አንዱን ደሴ፣ አንዱን ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ብልህነት ይመስላል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ሲደርስ ግን ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን ነው የተያዙት፤ ሰው የለበሰውን ለብሶ፣ ልጁን አዝሎ ወጣ፣ ሰነድ የያዘ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ከአካባቢው ወጣ ያለ ቦታ ይሁን እንላለን። ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ገንዘቡን ዘመድ እጅ ማስቀመጥ ማለት ስለሆነ ለዚህ የተሠራ ተጨማሪ ቃል አለ፤ «ፓስፍሬዝ» ወይም «25ኛው ቃል» ይሉታል። ራሳችሁ የምትመርጡት ሲሆን ከ12ቱ ጋር ሲጣመር ሌላ ዋሌት ይከፍታል፤ ወረቀቱን ብቻ ያገኘ ሰው ያን ዋሌት አያየውም። ሁሉም አፕ ይህን አይቀበልም፣ የእጅ መሣሪያዎቹ ግን ይቀበላሉ። አደጋውም እዚያው ነው፤ ስህተት የሚባል ፓስፍሬዝ የለም። አንድ ክፍተት ወይም አንድ ትልቅ ፊደል ብትሳሳቱ ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፈታል እንጂ «ተሳስተሃል» የሚል መልእክት አይመጣም። እሱም ተጽፎ፣ ከቃላቱ ርቆ ይቀመጥ።

ስድስቱን ቃል እዚህ፣ ስድስቱን እዚያ የሚያደርጉ አሉ። አንመክርም። አንዱ ግማሽ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል፤ ሁለት ቅጂ መያዛችሁ ቀርቶ የመጥፊያ በሩን ሁለት አደረጋችሁት። አንዱን ቃል «በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ» ማለትም ዋሌቱን ለሦስት ዓመት ሳይከፍት የቆየ ሰው የሚከስርበት ዘዴ ነው።

ፎቶና ስክሪንሹት ክልክል ነው ስንል ለይስሙላ አይደለም። ጋለሪው በራሱ ወደ ጎግል ፎቶስ ሊልከው ይችላል፤ ኢሜይሉ የተሰበረበት ሰው ዋሌቱም ተሰበረ ማለት ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች «ስፓርክካት» ብለው የሰየሙትን ተንኮለኛ ፕሮግራም ጎግል ፕሌይም አፕ ስቶርም ላይ በነበሩ አፖች ውስጥ አግኝተዋል። ጋለሪውን የማየት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፎቶዎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነባል፣ የዋሌት ቃላት የሚመስል ሲያገኝ ይልካል። የቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ»ም ማስቀመጫ አይደለም፤ አካውንታችሁ ሌላ ስልክ ላይ ከተከፈተ እዚያም ይነበባል።

ከአረብ አገር ጋር የሚደዋወሉ ሰዎችም ልብ ይበሉ። እህት እዚያ ዋሌት ከፍታ፣ ገንዘብ አስገብታ፣ ቃላቱን በኢሞ ድምፅ ወይም በጽሑፍ ለወንድሟ የምትልክበት ልማድ አለ። ቃላቱ በሁለት ስልክ፣ በሁለት አገር፣ በአንድ መልእክት ታሪክ ውስጥ ቀሩ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፤ ወንድምየው እዚህ የራሱን ዋሌት ይክፈት፣ አድሬሱን ብቻ ይላክላት። አድሬስ ለማንም ቢታይ ገንዘብ አያስወስድም። በየትኛው ኔትወርክ እንደምትልክም ይነጋገሩ፤ ትሮን ላይ ያለ ዩኤስዲቲ ኢትሪየም ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም።

ቃላቱን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፤ ለዚህ ሕግ አንድም ልዩ ሁኔታ አናውቅም። የአፑ «ሳፖርት» ነኝ ቢል፣ ዋሌታችሁ «ቬሪፋይ» ወይም «ሲንክሮናይዝ» መሆን አለበት ቢል፣ የቴሌግራም ቻናል አድሚን ቢሆን ያው ነው። ከዚህ የተገላቢጦሽ የሆነም ወጥመድ አለ። አንድ የዋህ መስሎ «ይህን ዋሌት እንዴት ላውጣው?» ብሎ የራሱን 12 ቃል ይለጥፋል። ከፍታችሁ ስታዩ ብዙ ዩኤስዲቲ አለበት፤ ለማውጣት ግን ለኔትወርኩ ክፍያ የሚሆን ትንሽ ቲአርኤክስ (የትሮን የራሱ ሳንቲም) ጎደለ። ያን ትንሽ ታስገባላችሁ፤ አይወጣም። ዋሌቱ የመፈረም ፈቃዱ ለሌላ አድሬስ ተላልፏል፣ ትሮን ላይ ይህን ማድረግ ይቻላል። ዩኤስዲቲው ማጥመጃ ነው፣ የሚፈልጉት ያችን ያስገባችኋትን ነው። የሰው ገንዘብ ለመውሰድ ተመኝቶ የገባ ሰው ደግሞ ለማን አቤት ይላል?

ቃላቱን ሌላ ሰው ማየቱን ካወቃችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ፒን በመቀየር ጊዜ አታጥፉ። ንጹሕ በሆነ ስልክ አዲስ ዋሌት ክፈቱ፣ ቃላቱን ጻፉ፣ ከላይ ያልነውን ፈተና አድርጉ፣ ከዚያ ገንዘቡን አሻግሩ። መጀመሪያ ዩኤስዲቲውንና ሌላውን ቶክን (በኔትወርኩ ላይ የሚላክ ሌላ ክሪፕቶ) ላኩ፤ የኔትወርክ ክፍያ የሚከፈልበትን ቲአርኤክስ ወይም ኢቴር (የኢትሪየም ሳንቲም) መጨረሻ ላይ። እሱን አስቀድማችሁ ብትልኩ ሌላውን ማንቀሳቀሻ ታጣላችሁ። ሌባው ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ካቆመበት ደግሞ የምታስገቡት የክፍያ ሳንቲም በሰከንዶች ውስጥ ይጠረጋል። ስለዚህ ጊዜ ሳለ፣ ጥርጣሬው እንደገባችሁ።

ወረቀቱ ጠፍቶ አፑ ገና የሚከፈት ከሆነ ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቃላቱን እንደገና ጻፉ። አንድ ቃል ብቻ ካልተነበበና ቦታው ከታወቀ ተስፋ አለ፤ የሚሞከረው 2048 ነው፣ ከነዚህም መቆጣጠሪያውን የሚያልፈው 128 ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ቃል ከጎደለ 4,194,304 ይሆናል፤ ይህም ለኮምፒውተር ይቻላል። አራት ከጎደለ ከ17 ትሪሊዮን በላይ ስለሚሆን ተዉት። ቃላቱ ሁሉም ኖረው ቅደም ተከተላቸው ከጠፋ 479,001,600 ዓይነት አደራደር አለ፤ ይህም የሚሞከር ነው፣ ግን የምታመሳክሩት አድሬስ ያስፈልጋችኋል። አድሬሱን ለብቻው ጻፉ ያልነው ለዚህም ጭምር ነው። ፍለጋው ኢንተርኔት በተነቀለበት ኮምፒውተር ላይ፣ እናንተ ባላችሁበት ይሠራ። በቅድሚያ ክፍያ «የተሰረቀውን እናስመልሳለን» የሚል ሁሉ ሁለተኛው ሌባ ነው።

ቃላቱ ትክክል ሆነው ዜሮ ቢያሳይስ? አንዳንዴ ቶክኑ ተደብቆ ነው፤ በእጅ ጨምሩት። አንዳንዴ ሌላ አፕ ከዚያው ምንጭ በሌላ መንገድ አድሬስ ያወጣል፤ ቢትኮይን ላይ በ«1»፣ በ«3» እና በ«ቢሲ1» የሚጀምሩ አድሬሶች ከአንድ ቃላት ሊወጡ ይችላሉ። ቶንኪፐር የሚሰጣችሁ 24 ቃላትም ከዚያው ዝርዝር የተወሰዱ ቢሆኑም የራሱ አሠራር ስላለው ሜታማስክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ኢንቫሊድ» ይላል። መፍትሔው መጀመሪያ የተከፈተበትን አፕ መጠቀም ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ጥግ ላይ የአፑንና የኔትወርኩን ስም ጻፉ። ሰው ሟች ነውና ለቤተሰብም የሚያስፈልገው ይኸው መስመር ነው፤ 12 የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ያለበት ወረቀት ያገኘች ሚስት የልጆች የቤት ሥራ መስሏት ትጥለዋለች።

በመጨረሻ ለሙያ ባልደረቦቻችን፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ኮምቦልቻም ላላችሁ። የስክሪን ሎክ ረስቶ የመጣን ስልክ ፎርማት ወይም ፍላሽ ከማድረጋችሁ በፊት «ዋሌት አለህ ወይ? ቃላቱ ተጽፈዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምን ቃላት?» ካላችሁ ስልኩን አትንኩት። ስክሪኑ ብቻ የተሰበረ ከሆነ መጀመሪያ ስክሪኑን ቀይሩ፣ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ቃላቱን ይጻፍ፣ ሶፍትዌሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ፎርማት የተደረገን ስልክ እኛም እናንተም ወደ ነበረበት አንመልሰውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ በሞባይልና ኮምፒውተር ጥገና የምንሠራ ባለሙያዎች